«አይጥ ሊያደርጉን ነው» ለምትሉ

ከሞጣ ወጥታችሁ በያላችሁበት ያላችሁ ተማሪዎቼ!

ሰሞኑን ስለ አንድ የጭንቅላት ካንሰር መድኃኒት ዜና ሼር ባደርግ ኮመንቱ በሙሉ «ሰው ላይ መሞከር ምን አመጣው? ጥቁርን አይጥ ሊያደርጉ ነው» ሆነ። ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፤ ግን ከጻፋችሁት አንዳንዶቻችሁን ያስተማርኳችሁ እኔው ነኝና አላስቻለኝም።

ሥጋታችሁ ከሜዳ አልመጣም። በ1996 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ናይጄሪያ ካኖ ውስጥ ማጅራት ገትር ሲገባ ፋይዘር ትሮቫን የሚባል መድኃኒት ለመሞከር 200 ሕፃናትን ያሳተፈ ጥናት አካሄደ። 11 ሞቱ። ወላጆች «በቅጡ ሳይነገረን ነው» ብለው ከሰሱ፤ በ2009 ኩባንያው ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ። ስለዚህ «እንጠንቀቅ» ካላችሁ አብሬያችሁ ነኝ። «ጭራሽ አይሞከር» ካላችሁ ግን አልስማማም።

እስኪ ንገሩኝ፣ ሰው ላይ ሳይሞከር ፋርማሲ የገባ የካንሰር መድኃኒት የትኛው ነው? ግላዮብላስቶማ ለሚባለው ክፉ የጭንቅላት ካንሰር የሚሰጠው ቴሞዞሎማይድ የተፈተነው በ573 ሕሙማን ነው። ውጤቱ በ2005 ወጣ፦ ጨረር ብቻ ካገኙት ከመቶው 10 ያህሉ ሁለት ዓመት ቆዩ፤ መድኃኒቱ ከተጨመረላቸው 26ቱ። መዳን አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ልጁን 8ኛ ክፍል አስፈትኖ ለማየት ለሚመኝ አባት ይሄ ትንሽ ነገር ነው?

በ2025 ደግሞ አሜሪካ ዶርዳቪፕሮንን ፈቀደች። ልጆችንና ወጣቶችን ለሚያጠቃ፣ እምብዛም ለማይገኝ የጭንቅላት ዕጢ ነው። ማስረጃው 50 ሕሙማን ናቸው፤ ከአምስቱ በአንዱ ገደማ ዕጢው ቀንሷል። ጥናቶቹ በሙሉ እዚያው አሜሪካ ነው የተካሄዱት። እኛ አይጥም አልሆንን፣ ከሰውም አልተቆጠርን!

«እኛ አገር አይቻልም» የምትሉስ? መድኃኒት የተላመደ ቲቢ 20 ወር ይፈጅ የነበረውን ሕክምና ወደ 9 ወር ገደማ ማሳጠር እንደሚቻል ባሳየው ጥናት ኢትዮጵያ ከቬትናም፣ ከሞንጎሊያና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተሳትፋለች።

ስለዚህ ጩኸታችንን እናስተካክል። ሙከራ ሲመጣ፦ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቅዶታል? ወረቀቱ ለቢቸናው ገበሬ በሚገባው አማርኛ ተነቧል? በፈለገ ሰዓት መውጣት ይችላል? ብላችሁ ጠይቁ። በቴሌግራም «የካንሰር ፈውስ አለኝ፣ ብር አስገቡ» የሚለውን ግን ማንም ሲጠይቀው አላየሁም። ያለ ፈቃድ፣ ያለ ሐኪም፣ በብራችን የሚሞክርብን እሱ ነው።

ያልተስማማችሁ ኮመንት ላይ እንከራከር። ስድብ ግን እንደ ክፍላችን ክልክል ነው።