ከሲሙሌሽን ልምምድ በኋላ ያለው ሰዓት፦ ስለ ጀማሪ የነርሲንግ ተማሪዎች የተግባር ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት የሚገኘው የሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ፣ አሻንጉሊት ሠሪዋ ማርታ ጄንኪንስ ቼዝ ያዘጋጁለትን የአዋቂ ሰው ቁመት ያለው አሻንጉሊት ለትምህርት ሥራ አዋለ። «ሚስስ ቼዝ» በሚል ስም በታወቀው በዚህ አሻንጉሊት ላይ ተማሪዎች ሕመምተኛን ማገላበጥ፣ ልብስ ማልበስና ከአልጋ ማንሳት ተለማመዱ። ዛሬ የሚተነፍሱ፣ የልብ ምታቸው የሚደመጥ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዙ ሞዴሎች አሉ። መሣሪያው እጅግ ቢራቀቅም መነሻው ጥያቄ አልተለወጠም፦ ጀማሪ ተማሪ እጁን የሚያፍታታው በማን ገላ ላይ ነው?

ጥያቄው በቅድሚያ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። በማስተማሪያ ሆስፒታል የተኛ ሕመምተኛ የመጣው ሊታከም እንጂ ሊለማመዱበት አይደለም። በኢትዮጵያ ደግሞ ተማሪ መርፌ ይዞ ሲቀርበው «አይሆንም» ማለት ለብዙ ሕመምተኛ ቀላል አይደለም፤ ፈቃድ ተብሎ የሚወሰደው ዝምታም ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ስሕተት በሞዴል ላይ እንዲያልፍ ማድረግ ለሀብታም አገሮች ብቻ የሚተው ቅንጦት አይደለም።

የዘዴው ደጋፊዎች አዘውትረው የሚጠቅሱት የአሜሪካ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመውን ጥናት ነው። በ10 የነርሲንግ ትምህርት ፕሮግራሞች የተካሄደው ይህ ጥናት፣ ከሆስፒታል ልምምድ ሰዓት እስከ ግማሽ ያህሉ በሲሙሌሽን ቢተካም በተማሪዎቹ ዕውቀትና በሙያ ፈቃድ ፈተና ውጤታቸው ላይ ጉልህ ልዩነት እንዳልታየ አመልክቷል። ጥቅሱ ግን በአብዛኛው እዚህ ላይ ይቆማል። በጥናቱ የተሳተፉት መምህራን ለዘዴው ተለይተው የሠለጠኑ ነበሩ፤ ልምምዱንም የተዋቀረ ውይይት ይከተለው ነበር። ቅድመ ሁኔታውን ትቶ 50 በመቶውን ብቻ መጥቀስ ማስረጃውን መሸራረፍ ነው።

ውይይቱ ለምን ይህን ያህል ይመዝናል? ከቀዶ ሕክምና የተመለሰ ሕመምተኛን የሚወክል ልምምድ እንውሰድ። የልብ ምቱ ይፈጥናል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ተማሪዋ ግፊቱን በትክክል ለክታ በካርዱ ላይ ትመዘግባለች፤ ከዚያም ቀጣዩን የመለኪያ ሰዓት ትጠብቃለች። በማረጋገጫ ቅጹ መሠረት ሙሉ ነጥብ ይገባታል። መምህሩ ከልምምዱ በኋላ «ቁጥሩ ሲወርድ ምን አሰብሽ?» ብሎ ሲጠይቃት ግን፣ የውስጥ ደም መፍሰስን ጠርጥራ እንደነበር፣ ተረኛውን ሐኪም ለመጥራት ግን እንደፈራች ትናገር ይሆናል። ይህ ፍርሃት የክህሎት ጉድለት አይደለም፤ በሙያ ማዕረግ መካከል ካለው ርቀት የመጣ ነው። በእውነተኛ ዋርድ ደግሞ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። እጅግ ውድ የሆነው ሞዴል እንኳ ይህን አይነግረንም፤ የሚያወጣው ጥያቄው፣ እንዲሁም ተማሪዋ ሳትሸማቀቅ እንድትመልስ የሚያደርግ መምህር ነው።

ሆኖም ግዢ ከሥልጠና ይቀላል። ሞዴል በፕሮጀክት በጀት ይገዛል፣ ይመረቃል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የመምህር የዝግጅት ሰዓት አይመረቅም። አንድ መምህር 40 ተማሪዎችን በአንድ ከሰዓት በኋላ በሚያዳርስበት የክህሎት ቤተ ሙከራ ውስጥ ውይይት የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም፤ የሚኖረው ወረፋ ነው። በአንጻሩ ጓደኛን እንደ ሕመምተኛ አስተኝቶ፣ ሌላውን አስታማሚ አድርጎ የሚካሄድ የ15 ደቂቃ ልምምድ፣ ቢያንስ ተመጣጣኝ የውይይት ጊዜ ከተሰጠው፣ ያለ ምንም ውድ መሣሪያ ብዙ ያስተምራል።

ሲሙሌሽን የዋርዱን ሽታ፣ የአልጋ እጥረቱን፣ የአስታማሚውን ጭንቀት አያስተምርም የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። ዋርዱም መቅረት የለበትም። ነገር ግን የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴዎች የሚቀጥለውን የሞዴል ግዢ ከማጽደቃቸው በፊት፣ ለውይይቱ በመምህሩ የሥራ ጫና ውስጥ ስንት ሰዓት እንደተያዘለት ሊጠይቁ ይገባል። መልሱ ዜሮ ከሆነ ግዢው ይቆይ፤ ገንዘቡም በቅድሚያ ለመምህራን ሥልጠና ይዋል።