ካርታውን ማን ያርመው?

ሐሙስ ሐሙስ በደቡብ ኦሞ ያለውን የቀይ አፈር ገበያ የሚሞላው በአብዛኛው እግረኛ ነው። በናው፣ ፀማዩና አሪው ማሩን፣ ቅቤውን፣ እህሉንና ፍየሉን ይዞ ከየመንደሩ ይመጣል። የሚመጣበትን የእግር መንገድ ግን በስልካችን ካርታ ላይ ብንፈልግ አብዛኛውን አናገኘውም። ካርታዎቹ ከኮንሶ በወይጦ በኩል ወደ ጂንካ የሚወጣውን ዋና መንገድና ወደ ዲመካና ቱርሚ የሚገነጠለውን በደንብ ያውቃሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው አገር ባዶ ነጭ ወረቀት ይመስላል።

ስለዚህ በደቡብ ኦሞ በስልክ ወይም በእጅ ጂፒኤስ የሚሠራ ሰው፣ የጤና ባለሙያም ሆነ አስጎብኚ፣ ሶፍትዌር ሲመርጥ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር አለ ብዬ አምናለሁ፤ ካርታው ሲሳሳት እኔ ላርመው እችላለሁ ወይ?

በቅድሚያ ብዙ ሰው የሚያምታታውን ነገር ላጥራ። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስልኩ ከምድር 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሬዲዮ ምልክት ይቀበላል፤ የቆመበትንም ቦታ ራሱ ያሰላል። አሜሪካ በሲቪል ምልክቱ ላይ ሆን ብላ ትጨምረው የነበረውን ስሕተት እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 2000 ካቆመች ወዲህ ተራው ስልክ እንኳ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ቦታውን ያውቃል። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚጠፋው ካርታው ነው። ከከተማ ወጥቶ ወደ ማጎ ቁልቁለት ወይም ወደ ሐመር ሜዳ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ኔትወርክ መጥፋቱ የታወቀ ነው።

ጎግል ማፕስ አካባቢን አስቀድሞ ለማውረድ ያስችላል። የወረደው ካርታ ግን የጊዜ ገደብ ስላለው በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ያለ ኢንተርኔትም የሚመራው መኪና ነጂውን ብቻ ነው፣ ለእግረኛ አቅጣጫ አይሰጥም። አብዛኛው ሰው በእግሩ በሚሄድበት አገር ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። ስሕተት አይተን ብንጠቁም እንኳ መቀበልና አለመቀበሉ የኩባንያው ውሳኔ ነው። ለአዲስ አበባ ሆቴልና ሬስቶራንት ፍለጋ ጎግል እንደሚበልጥ አልክድም። የእኔ ጉዳይ ከወይጦ ማዶ ያለው አገር ነው።

ሌላው መንገድ ኦፕንስትሪትማፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የተጀመረው ይህ ካርታ የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ሲሆን፣ ማንም ሊያወርደው፣ ሊያባዛውና ሊያርመው ይችላል። በእሱ ላይ ከሚሠሩት ክፍት ሶፍትዌሮች ለእኛ የሚጠቅሙት ሁለቱ ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ ናቸው። የመጀመሪያው ቀላልና ፈጣን ነው፤ ለሹፌርና ለአስጎብኚ ይበቃል። ኦስማንድ ለመልመድ ይከብዳል፣ ምናሌው ብዙ ነው። ነገር ግን የተሄደበትን መንገድ ይመዘግባል፣ የከፍታ መስመር ያሳያል፣ መጋጠሚያ ነጥብንም በተለያየ አጻጻፍ ያሳያል። ለመስክ ሥራ የምመርጠው እሱን ነው። በጎግል መደብር ያለው ነጻ ቅጂ የሚወርዱትን ካርታዎች ብዛት ይገድባል፤ ኤፍ-ድሮይድ ከተባለው የክፍት ሶፍትዌር መደብር የሚገኘው ቅጂ ግን ይህ ገደብ የለበትም። የውጭ አፕ በብር ካርድ መግዛት ለብዙዎቻችን ስለማይሞከር ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ጂንካ ላይ አንድ ሰው ያወረደውን የኢትዮጵያ ካርታ ለባልደረቦቹ በሜሞሪ ካርድ ቢያድል ፈቃዱ አይከለክለውም።

ክፍትነት ዋስትና መሆኑን የማፕስ ሚ ታሪክ ያሳያል። ብዙ ተጓዥ ይወደው የነበረው ይህ አፕ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሌላ ባለቤት ተሸጠ፤ የተለወጠው አፕም ነባር ተጠቃሚዎቹን አላስደሰተም። ኮዱ ቀድሞ ክፍት ተደርጎ ስለነበር መሥራቾቹ በ2021 ኦርጋኒክ ማፕስን አወጡ። በ2025 በዚያም ላይ የአስተዳደር ቅሬታ ተነሣና ኮማፕስ የሚባል ቅርንጫፍ ተፈጠረ። ባለቤት ቢለዋወጥም ካርታው ከተጠቃሚው እጅ አልወጣም።

የመሥሪያ ቤቶቻችን ጣጣ ግን በሶፍትዌር ምርጫ ብቻ አያልቅም። 36ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ከኦሞራቴ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያልፋል። ምድርን በቁጥር በተሰየሙ ክፍሎች በሚለየው የዩቲኤም አቆጣጠር ከመስመሩ ምሥራቅ ያለው በ37ኛው ክፍል፣ ምዕራቡ በ36ኛው ይመዘገባል። የውኃ ጉድጓድ መዝግቦ የመጋጠሚያውን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ጽፎ የክፍሉን ቁጥር የተወ ባለሙያ፣ ቀጣዩን ሰው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያስተው ይችላል። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተመሠረቱበት አዲንዳን የተባለው የመለኪያ መነሻም የዛሬው ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት ስለሚለይ፣ ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ከመቶ ሜትር በላይ ይስታል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ ሲረጋገጥ ሥራው በሽተኛው ከማን ጋር እንደተገናኘ ቤት ለቤት መፈለግ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የመቶ ሜትር ስሕተት ወደ ሌላ ሰው ደጃፍ ይወስዳል።

የውኃውም ነገር አለ። ቱርሚ አጠገብ ያለው የካስኬ ወንዝ በበጋ አሸዋ ነው፤ ከላይ ሲዘንብ መኪና የሚያስቆም ጎርፍ ይሆናል። ክፍቱ ካርታ አንድ ወንዝ በየወቅቱ የሚደርቅ መሆኑን፣ መሻገሪያው ድልድይ ይሁን ወይስ በውኃው ውስጥ የሚያልፍ፣ ለይቶ መመዝገቢያ አለው። መዝጋቢው ግን ያየ ሰው መሆን አለበት፤ ሩቅ ተቀምጦ የሳተላይት ፎቶ የሚያይ በጎ ፈቃደኛ በበጋ ፎቶ የተነሣውን አሸዋ መንገድ ሊያደርገው ይችላል። የባዳ ካርታ ምን እንደሚያደርግ ኦሞ ከሚገባበት ሐይቅ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1888 የመጡት አሳሾች ቴሌኪና ፎን ሆነል ሐይቁን በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስም ሩዶልፍ አሉት፤ ኬንያ በ1975 ቱርካና ብላ እስክትለውጠው ድረስ ዓለም የሚያውቀው በዚያ ስም ነበር።

በክፍት ካርታ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ፣ እኔም እቀበለዋለሁ። ለሁሉም የተከፈተ ለሁሉም ይታያል። የከብት በረት፣ የድርቅ ጊዜ ውኃ፣ የአምልኮ ቦታ በነጥብ ቢወጣ ዘራፊም፣ መሬት ፈላጊም፣ ካሜራ የያዘ ቱሪስትም ያየዋል። ስለዚህ የምናወጣው መንገድን፣ መሻገሪያን፣ ጤና ጣቢያን፣ ትምህርት ቤትንና የገበያ ቦታን ይሁን። የቀረውን የአገሩ ሽማግሌዎች ሳይፈቅዱ ማንም አይመዝግበው። የሚመዘገበው ነጥብ በስልክ ውስጥ ብቻ እንዲቀር ማድረግ ኦስማንድ ላይ ይቻላል፤ ይህም እሱን የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ነው።

ለጂንካ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና ለቀይ አፈር አስጎብኚ ወጣቶች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በየመሳቢያው የተቀመጡትን የጤና ኬላና የትምህርት ቤት መጋጠሚያዎች ከነክፍል ቁጥራቸውና ከነመነሻቸው አጣሩ፣ ስማቸውንም ነዋሪው በሚጠራበት መንገድ ጽፋችሁ ክፍቱ ካርታ ላይ አስገቡ። መጪው ዝናብ ከመጣሉ በፊት ከቀይ አፈር እስከ ቱርሚ ካሉት መሻገሪያዎች ጀምሩ።