ማርሹ በራሱ ቢለወጥም ነጂው ማሰብ አይተው

የሰው ልጅ ድካሙን ለማቃለል ብዙ መሣሪያ ፈልስፏል። ከእነዚህም አንዱ ያለ ነጂው እጅ ማርሽ የሚለውጠው አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ይህ መሣሪያ ኦልድስሞቢል በተባለው የአሜሪካ አውቶሞቢል የ1940 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ላይ ተገጥሞ ለሕዝብ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ በዓለም ተስፋፍቶ፣ ዛሬ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች ብዙ ቤተሰብ ይገለገልበታል። ፍሪሲዮን መርገጥ ቀርቷል፤ መኪና በሚጨናነቅበት መንገድም ግራ እግር ያርፋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን እግር ሲያርፍ አእምሮም አብሮ እንዳያርፍ እሠጋለሁ።

በለገዳዲ የሚያልፈው የደሴ መንገድ ሰንዳፋንና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ይወጣል። ከዚያም በጣሊያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ ሾልኮ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳል። በሱሉልታ በኩል ወደ ጎጃም የሚሄድም ሰው ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደውን ቍልቍለት ያውቀዋል። እንዲህ ባለው አገር መውረድን ያልተማረ ሰው መንዳት ያውቃል ሊባል አይገባም ባይ ነኝ።

ስለ ምን ቢሉ፣ 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶሞቢል 1,000 ሜትር ከፍታ ቢወርድ የሚለቀው ኃይል፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። ከዚህ ጥቂቱን ነፋስና መንገዱ ይወስዱታል። የቀረው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ብቻ ከወደቀ ግን የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ቢረገጥ መኪናው አይታዘዝም።

መድኃኒቱ በራሱ በሞተሩ ውስጥ አለ። የቤንዚን መኪና ነጂ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ የአየር ማስገቢያው ይዘጋል፤ ፒስተኖቹም በተዘጋ በር አየር ለመሳብ ሲታገሉ የጎማዎቹን ሩጫ ይገታሉ። ማርሹ ዝቅ ባለ መጠን ሞተሩ በብዛት ስለሚዞር አያያዙ ይጠነክራል።

አውቶማቲኩ ግን በዚህ ላይ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኘው በዘይት አማካይነት ስለሆነ መንሸራተት አለ። ሁለተኛ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል እግር ሲነሣ ወደ ከፍተኛው ማርሽ መውጣት ይወዳል። ቍልቍለቱን አስቀድሞ የሚያየው የነጂው ዐይን እንጂ ካምቢዮው አይደለም። ስለዚህ ፍጥነት ቀንሶ፣ ቍልቍለቱም ሳይጀመር፣ ዘንጉን ከ«ዲ» ወደ «2» ወይም ወደ «ኤል» ማውረድ የነጂው ፈንታ ነው። የሞተሩ ጩኸት አያስፈራ፤ መለኪያው ቀዩን መስመር እስካላለፈ ድረስ ጉዳት የለውም።

ስለ ነዳጅም ቢሆን ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። የጥንቱ ባለ ሦስትና ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ፣ በዘይቱ መንሸራተት ኃይሉ ወደ ሙቀት እየተለወጠ ስለሚባክን፣ ከእጅ ማርሹ ይልቅ ነዳጅ ይበላ ነበር። በኋላ ግን መንሸራተቱን የሚያስቀር መቆለፊያ ተጨምሮለት፣ ማርሹም ወደ ስድስትና ወደ ስምንት ስላደገ፣ የዛሬው ከእጅ ማርሽ ጋር ይስተካከላል፤ አንዳንዱም በቁጠባ ይበልጠዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው «ነዳጅ እቆጥባለሁ» ብሎ በቍልቍለት ላይ ማርሹን ዜሮ የሚያደርግ ሰው ነው። ነዳጅ በኮምፒዩተር ትእዛዝ በሚረጭበት በዛሬው ሞተር፣ መኪናው በማርሽ ሲወርድ እግር ከተነሣ ነዳጁ ይቋረጣል፤ ዜሮ ላይ ከሆነ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። እንግዲህ ይህ ሰው ገንዘቡንም የሞተሩንም እርዳታ ያጣል ማለት ነው። ነዳጅዋን ከውጭ በምንዛሪ ለምትገዛ አገርም ይህ ልማድ አይጠቅማትም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ «ይህ ሁሉ ትምህርት ሊቀር ነው» የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ነገር ግን ባትሪው ሞልቶ ከሆነ ሊቀበል የሚችለው ጥቂት ነው፤ ሸክሙም ተመልሶ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። የመንጃ ፈቃድ ፈላጊ ሁሉ፣ በአውቶማቲክም ቢማር፣ ረጅም ቍልቍለት መውረድን በተግባር ሳያሳይ ፈቃድ ባይሰጠው መልካም ነው። እናንተም ወላጆቻችን ሆይ፣ ለበዓል ቤተሰባችሁን አሳፍራችሁ ወደ ደብረ ሲና ከመውረዳችሁ በፊት፣ ከ«ዲ» በታች ያሉት ፊደሎች ለምን እንደ ተጻፉ ተረድታችሁ ውረዱ።