ለአበባ ወራቱን ስለ መስጠት

አበባ በመልካም አፈርና በብዙ ውኃ ብቻ የሚፈካ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ብዙው አትክልት የሚያብበው የወራቱን መፈራረቅ በገዛ አካሉ ሲያውቀው ስለ ሆነ፣ ኦርኪድ ገዝቶ በኢትዮጵያ ምሥራቅ ቆላ ወዳለችው ወደ አይሻ የሚያወርድ ሰው፣ ቅጠሉ እንደ ለመለመ እንቡጥ ቢነፍገው፣ ጥፋቱን በአትክልቱም ሆነ በአገሩ ላይ ሊያሳብብ አይገባውም።

በየአበባ መሸጫው የሚገኘው ፋሌኖፕሲስ የሚባለው ኦርኪድ፣ ትውልዱ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ደን ሲሆን፣ ሙቀቱ ከ28 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲቆይበት ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ ከ25 ዲግሪ በታች ወርዶ ጥቂት ሳምንታት ሲሰነብት ግን የአበባውን ዘንግ ይሰድዳል። የሠለጠኑ አትክልተኞች ይህን ቅዝቃዜ በመስተዋት ቤት በልክ ይሰጡታል። ደገኛይቱ ጅጅጋ ሌሊቷን ብቻ በመዘርጋት ይህንኑ ጸጋ ትለግሰዋለች፤ በሰኔና በሐምሌ ሌሊቷ እንኳ ሐሩር በሆነባት በአይሻ ግን፣ አበባ ወዳዱ ታኅሣሥንና ጥርን በትዕግሥት ጠብቆ፣ ያን ጊዜ ማሰሮውን ከደረቅ ነፋስ ከልሎ ለሌሊቱ አየር ማቅረብ ይኖርበታል።

እኔ ግን፣ ይህ ሁሉ ድካም ከመደረጉ አስቀድሞ፣ የምሥራቁ ቆላ የገዛ ራሱ ጌጥ የሆነው የበረሃ ጽጌረዳ ክብሩን ያገኝ ዘንድ እማልዳለሁ። ስዊድናዊው የዕፀዋት ሊቅ ፎርስኮል ይህን ተክል በየመን አይቶ የጻፈው መግለጫ፣ ከሞተ በኋላ በ1775 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ታተመ፤ ዛሬም በታይላንድና በታይዋን ልዩ ልዩ ዓይነቱን እያዳቀሉ ለዓለም ይሸጡታል። እንደ ቅል ባበጠው ግንዱ ውኃ ያከማቻል፤ በድርቅ ወራት ቅጠሉን አራግፎ፣ በራቁት ቅርንጫፉ ላይ ቀይና ሐምራዊ አበባውን ይገልጣል። ደገኛው ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ወርኀ ጽጌ ብሎ ሲያከብር፣ ከረንና ጅላል የሚባሉትን ወቅቶች የሚቈጥረው የሶማሌ አርብቶ አደርም ለዚህ ተክል የራሱን ወርኀ ጽጌ ቢያውቅለት እንዴት መልካም በሆነ!

ስለዚህ በአይሻ የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ግቢዎች ይህ ተክል ይተከል፤ በድርቅ ወራትም በርኅራኄ ብዛት ውኃ አይፍሰስበት፤ ሥሩ ይበሰብሳልና። ወተቱ ግን አዳኞች ፍላጻቸውን ይቀቡት የነበረ ብርቱ መርዝ ስለ ሆነ፣ ተካዩ ከሕፃናትና ከፍየሎች አርቆ፣ አጥር ሠርቶለት ይትከለው።