«በሕግ አምላክ!» ሲባል ያልቆመው ማን ነው?

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው፣ ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። ዛሬ ውሃው ይቆም ይሆናል፤ ጠመንጃ የያዘው ግን ይቆማል ወይ? ስለ ስደት ሲወራ ሁሉም ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይጀምራል። እኔ የምለው ግን ስደት የሚጀምረው ከፍርድ ቤት በር ላይ ነው። የወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ታሪክ ምስክሬ ነው።

ወ/ሪት ብርቱካን ከእኛ ጉለሌ ብዙም በማይርቀው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያደጉ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማሩ ዳኛ ነበሩ። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲቀርቡላቸው በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ልብ በሉ! አቶ ስዬ የሥርዓቱ ቁንጮ የነበሩ ሰው ናቸው። ዳኛዋ ግን የሰውየውን ማንነት ትተው ሕጉን አዩ። ከዚያስ? አቶ ስዬ ከችሎት እንደወጡ እዚያው ተያዙ። ፓርላማውም በጥድፊያ በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። አቶ ስዬ ስድስት ዓመት ታሰሩ። የዳኛ ትእዛዝ በር ላይ ከተረገጠ ሌላው ዜጋ ምን ይተማመን?

የቀረው ይታወቃል። ወ/ሪት ብርቱካን የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ሆኑ፤ ከምርጫ 97 በኋላ «ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን በመናድ» ተከሰው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ ሐምሌ 1999 በይቅርታ ተፈቱ። ስለዚያ ይቅርታ ስዊድን ላይ የተናገሩትን አስተባብይ ሲባሉ እምቢ አሉ። «ቃሌ» የሚል ጽሑፍ አስነብበው ታኅሣሥ 2001 ልጃቸውን ትተው ወደ ቃሊቲ ተመለሱ። ለብዙ ጊዜ ለብቻቸው ተዘጋባቸው። መስከረም 2003 ሲፈቱ ብዙም ሳይቆዩ ወደ አሜሪካ ሄዱ። ሰባት ዓመት ገደማ በስደት አለፈ።

በዓለም ላይ ብቻቸውን አይደሉም። የኡይጉር ሕዝብ መብት ተሟጋቿ ረቢያ ካዲር በቻይና ወህኒ ከአምስት ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። እሳቸው ውጭ ሆነው ሲናገሩ አገር ቤት የቀሩት ልጆቻቸው ታሰሩ። የእኛዋ ግን ለመመለስ በቁ። በ2011 ዓ.ም. ገቡ፤ በኅዳር ወር የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ፤ የሰኔ 2013ቱን ምርጫ መሩ፤ በ2015 በፈቃዳቸው ለቀቁ። እንግዲህ ጠይቁ! ትናንት «ሥርዓት ልትንድ ነው» የተባለች ሴት ዛሬ የአገር ኮሮጆ በአደራ ከተሰጣት ያኔ የዋሸው ማን ነበር? ይቅርታ መጠየቅ የነበረበትስ ማን ነው?

«ያ አለፈ» የሚሉኝ አሉ። አለፈ እንዴ? ፍርድ ቤት በዋስ ይፈታ ያለውን ሰው ፖሊስ አልፈታም እያለ የሚያቆይበት ልማድ ዛሬም አለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ደጋግሞ በመግለጫው አውጥቶታል። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ እሮሮ ሲጽፍ የኖረው ኢሰመጉም በ2017 ለወራት ታግዶ ነበር። ታዲያ ለመብት የሚሟገት ሰው ሻንጣውን ቢያዘጋጅ ምን ይገርማል?

የአሜሪካ ኤምባሲ የሚገኘው እኛው ጉለሌ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። ቪዛ ፈላጊው ብዙ ነው። አብዛኛው እንጀራ ፍለጋ ነው፤ አይፈረድበትም። በሰፈራችን ግን ደፈር ብሎ የሚናገር ልጅ ሲታይ ሽማግሌው «ሳይበሉህ ውጣ!» ብሎ ይመክረዋል። ምክር ሆኖ የቀረን ይሄ ነው። ያሳፍራል!

ለመንግሥት የምለው አጭር ነው። የስደተኛን መመለስ በቴሌቪዥን ማድመቅ ቀላል ነው። ከባዱ እንዳይሰደድ ማድረግ ነው። የዋስትና ትእዛዝ በተጻፈበት ቀን ይፈጸም፤ አልፈጽምም ያለ ኃላፊ፣ ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን፣ ራሱ ዳኛ ፊት ይቁም። የሰው ወደ አገሩ መግባት በባለሥልጣን በጎ ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ይብቃ።

በሕግ አምላክ!