«ላይክ» ያለበት ሁሉ ሲሚሊ አይደለም

ከነገሌ ቦረና፣ ከያቤሎና ከሞያሌ ትምህርት ቤቶች የመጣን ተማሪዎች የእንግሊዝኛን ዘይቤዎች ስም በቃላችን እንወጣዋለን፤ ዘይቤውን ግን ከገጽ ላይ ለይተን ማውጣት ያቅተናል። የተማሪው ስንፍና ነው የሚሉ መምህራን አሉ። እኔ ግን ጥፋቱ የአስተማማሩ ነው እላለሁ።

የተሰጠን ደንብ «ላይክ» ወይም «አዝ» ካለበት ሲሚሊ፣ ከሌለበት ሜታፎር ነው የሚል ነበር። ደንቡ ሐሰት ነው። «አይ ላይክ ቲ» ያለ ሰው ሻይ እንደሚወድ ተናገረ እንጂ ምንም አላነጻጸረም። «ሺ ሉክስ ላይክ ሀር ማዘር» ሲባልም ልጅቱ እውነትም እናቷን መስላለች። ሲሚሊ የሚሆነው ዘራቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች በአንድ ጠባይ ሲገጥሙ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ቃል አለ?» ሳይሆን «ነገሩ እንደ ቁሙ ቢወሰድ እውነት ይሆናልን?» መሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው ጥፋት በምሳሌው ላይ ነው። እንግሊዞች ግመልን «የበረሃ መርከብ» ይሏታል። ግመል እየጠበቀ ላደገ የነገሌ ልጅ ስለ ግመል ማስረዳት ምን ይረባል? ያላየው መርከቡን ነው፤ ጭነት ይዞ ሰፊውን ባሕር እንደሚያቋርጥ ሲነገረው ሜታፎሩ ወዲያው ይፈታለታል።

ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለ። ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ ዱብሉቅ ላይ ቦረናዎች በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ተሰልፈው፣ እየዘፈኑና እየተቀባበሉ ውሃ ያወጣሉ። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት እነዚህን የቱላ ጉድጓዶች «ሲንጊንግ ዌልስ»፣ ማለትም ዘፋኝ ጉድጓዶች ይሏቸዋል። ጉድጓድ ይዘፍናልን? የሚዘፍነው ሰው ነው፤ የሰው ግብር ለጉድጓዱ ተሰጠ። ይህን ለመረዳት የቦረና ልጅ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። «ሺህ ጊዜ ነገርኩህ» እየተባለ የተቆጣ ልጅም ግነትን ከእንግሊዝ አይበደርም።

በቃል መያዝ የሚገባው ፈሊጥ ነው። «ድመትና ውሻ ዘነበ» ማለት ኃይለኛ ዝናብ መሆኑን አሰላስሎ የሚደርስበት የለም። እኛ ግን ማሰብ የሚፈልገውንም ጭምር ሸመደድነው።

ፈተናው ስሙን ይጠይቃል የሚል ይኖራል። ይጠይቅ! ዘይቤውን ያየ ልጅ ስሙን ለመያዝ አንድ ቀን ይበቃዋል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት በእንግሊዝኛ አጽንቶታል፤ ሳይንሱም የሚነበበው በእርሱ ነው። የኤሌክትሪክ «ከረንት» ራሱ ከወንዝ ፍሰት የተወሰደ ሜታፎር መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል?

ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገ ከመካከላችን ወደ እነዚያ ቆላ ከተሞች ለመምህርነት የሚሄዱ አሉ። የዘይቤዎቹን ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት፣ ልጆቹን ስለ ጉድጓዱ ጠይቋቸው።