ውለታ ያለበት ዳኛ

ጉቦን ሁሉም ያውቀዋል፤ በስውር ይሰጣል፣ በስውር ይበላል፤ ሰጪውም ተቀባዩም ያፍሩበታል። ውለታ ግን በአደባባይ፣ ሕግ እያየው ይዋላልና የሚያፍርበት የለም። በዳኝነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከጉቦ የማያንሰውም ስለዚሁ ነው።

በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በሕዝብ ምርጫ ይቀመጣሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. ህዩ ኬፐርተን የተባሉ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ ማሲ የተባለውን ታላቅ የከሰል ኩባንያ ከሰው፣ ጁሪ የሚባለው የሕዝብ ፈራጆች ጉባኤ 50 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላቸው። ይግባኙ ገና ሳይቀርብ የ2004 ምርጫ ደረሰ። የማሲ አለቃ ዶን ብላንከንሺፕ፣ ብሬንት ቤንጃሚን የተባሉት ጠበቃ እንዲመረጡ 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል አወጡ። ለእጩው በቀጥታ ሊሰጥ የሚፈቀደው 1,000 ዶላር ብቻ ስለ ነበረ እርሱን ሰጡ፤ የቀረው በወምበሩ ላይ የነበሩትን ዳኛ ለሚቃወም ማኅበር፣ ለማስታወቂያና ለደብዳቤ ዋለ። ሕግ አልተጣሰም። ቤንጃሚንም ተመረጡ።

ኬፐርተን እኒህ ዳኛ ከችሎቱ ይነሡልኝ ብለው ደጋግመው አመለከቱ። ማመልከቻውን መርምረው የጣሉት ግን ራሳቸው ዳኛው ነበሩ! በ2007 በ3 ድምፅ ለ2 ፍርዱ ተሻረ፤ በ2008 ዳግመኛ ታይቶ በዚያው ልክ ተሻረ፤ ቤንጃሚን በሁለቱም ጊዜ ከሻሪዎቹ ወገን ነበሩ።

ዳኛው ፍርድ ሸጡ ለማለት ማስረጃ የለም። ሕሊናቸውን መርምረው ንጹሕ ሆኖ አግኝተውት ይሆናል። ነገር ግን ሰው የገዛ ልቡን ሲመረምር ከሳሹም ተከሳሹም ፈራጁም እርሱው ነው፤ ውለታ የተዋለለትም የማያየውን ሌላው ያይበታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2009 በ5 ድምፅ ለ4 ቤንጃሚን መነሣት ይገባቸው ነበር ሲል ወሰነ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ኬኔዲ አድልዎ መኖሩን ማረጋገጥ አያስፈልግም፤ የሚያሠጋ መሆኑ ይበቃል አሉ። ሊቀ ዳኞቹ ሮበርትስ ተቃውመው፣ ስንት ብር ሲሆን ነው? እስከ ስንት ጊዜስ? የሚሉትን የመሳሰሉ 40 ጥያቄዎች ደረደሩ። ጥያቄዎቹ ከንቱ አይደሉም፤ ነገር ግን ወሰኑን በስንዝር መለካት ቢያስቸግር ወሰን የለም አያሰኝም። እኒሁ ሮበርትስ በ2015 በፍሎሪዳ የዳኝነት እጩዎች በራሳቸው አፍ ገንዘብ እንዳይለምኑ የተደነገገውን ሕግ አጽንተዋል።

ምርጫው ቀርቶ በሹመት ይሁን የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሚሲሲፒ በ1832 ዳኞቿን ሁሉ በምርጫ ማስቀመጥ ስትጀምር፣ ከዚያም ሌሎቹ ሲከተሉ፣ ብዙዎች ያሰቡት ዳኛውን ከሿሚዎች ውለታ ነጻ ማውጣት ነበር። ሿሚም ባለውለታ ነው። ስለዚህ ዳኛ ይነሣልኝ የሚለውን አቤቱታ ሌሎች ዳኞች ይስሙት፤ ለዳኛው ማን ምን እንዳወጣለትም ክርክሩ ሳይከፈት ለሁለቱ ወገን ይነገር።

በዚያው በ2009 በኖቬምበር ነገሩ ቤንጃሚን በሌሉበት ችሎት ተሰማ፤ ፍርዱም እንደገና ለማሲ ሆነ። እንግዲያስ የገንዘቡ ነገር ምን አመጣ? የሚል ይኖራል። ኬፐርተን ሦስተኛ ጊዜ ተረቱ፤ የተረቱት ግን ባላጋራቸው 3 ሚሊዮን ዶላር ባወጣለት ዳኛ ፊት ቆመው አልነበረም።